ሳሎናችን ወደ ማን ዞሯል? ቴሌቪዥንን በቤት ውስጥ ስለ መቀነስ

እስቲ የቤታችሁን ሳሎን በዐይነ ልቡናችሁ ተመልከቱ። ወንበሮቹ እርስ በርስ ይተያያሉ? ወይስ ሁሉም ተደርድረው ወደ አንድ ግድግዳ ያያሉ? በብዙዎቻችን ቤት መልሱ ግልጽ ነው። እንግዳ ሲመጣ ድምፁን እንቀንሳለን እንጂ አንዘጋውም። እራት ሲቀርብ ዐይናችን ከማዕዱ ይልቅ ስክሪኑ ላይ ነው። የቤተሰብ ጸሎት «ይህቺ ክፍል ትለቅና» ይባላል፤ እርሷ ስታልቅ ሌላዋ ትጀምራለች፤ ልጆቹም እዚያው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ይህ ጽሑፍ ቴሌቪዥን ራሱ ኃጢአት ነው ለማለት የተጻፈ አይደለም። መሣሪያውን ከቤታቸው ያወጡ ወገኖች አሉ፤ ውሳኔያቸው የተከበረ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ግን የሚፈልገው መቀነስን ነው፤ ሞክሮም አልሆነለትም። አባት ተቆጥቶ ሶኬቱን ይነቅላል፤ ለሁለት ቀን ቤቱ ጸጥ ይላል፤ በሦስተኛው ቀን «ዜና ብቻ እንይ» ተብሎ ይከፈታል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ለምን እንዲህ ይሆናል? ምንስ ማድረግ ይቻላል? ይህን ጥያቄ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የሚኖሩ ቤተሰቦችን በተለይ እያሰብን እንመለከተዋለን። ምክንያቱም የዚያ አገር ሰው በሣር ምድሩ ላይ ለብዙ ዘመን የሠራበት አንድ ሥርዓት ለሳሎናችንም የሚሆን ትምህርት አለው።

ከአንድ ጣቢያ ወደ ብዙ ጣቢያ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ባለ ቀለም ሥርጭት የመጣው ደግሞ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ፣ ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ባከበረበት ወቅት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ጣቢያው አንድ፣ ሰዓቱም የተወሰነ ነበር። ምሽት ላይ ሥርጭቱ ይከፈታል፤ የሁለት ሰዓት ዜና ይነበባል፤ ጥቂት ዝግጅቶች ይቀርባሉ፤ ከዚያም ስክሪኑ ይጠፋል። ልጆች የአባባ ተስፋዬን ተረት ሰዓቱን ጠብቀው ያዳምጡ ነበር፤ ተረቱ ሲያልቅ ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። ቴሌቪዥን የሌለው ጎረቤት ቴሌቪዥን ካለው ቤት ተሰብስቦ ያይና ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥኑን የሚዘጋልን ጣቢያው ራሱ ነበር። ቤተሰቡ ለመዝጋት መወሰንም መጨቃጨቅም አያስፈልገውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዲሽ መጣ። መጀመሪያ የዐረብ አገር ጣቢያዎችን፣ ቀጥሎም በውጭ አገርና በአገር ውስጥ የተቋቋሙ የአማርኛ ጣቢያዎችን አየን። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክና የሌሎች አገሮችን ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ብዙ ቤተሰብ የምሽት ፕሮግራሙን በድራማው ሰዓት ማስተካከል ጀመረ። መንፈሳዊ ጣቢያዎችም ተበራከቱ። ዛሬ ሪሞቱን ሲጫኑ ቀንም ሌሊትም የሚታይ ነገር አይጠፋም። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ያ የጥንቱ የመዝጊያ ሰዓት ጠፋ። እርሱን የሚተካ ሥርዓት በየቤታችን አላበጀንም። ችግራችን በአብዛኛው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የደጋው ምሽት

መሐል ሜዳን፣ ሞላሌን፣ ራቤልን ወይም ዓለም ከተማን የሚያውቅ ሰው ጨለማው ሲወርድ ብርዱ እንዴት ሰውን ወደ ቤት እንደሚሰበስብ ያውቃል። በመንዝ ደጋ ምሽት የምድጃ ዙሪያ ጊዜ ነው። የመንዝ በግ ፀጉር የሚፈተለው፣ ባናውና ዝተቱ የሚወራው፣ የዘር ሐረግ የሚቆጠረው፣ ልጅ የአባቶቹን ስም እስከ ሰባት ቤት የሚማረው በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው። በገጠሩ ክፍል ዛሬም ቴሌቪዥን የሌለው ቤት ብዙ ነው። በከተሞቹ ግን ዲሽ በየጣሪያው ይታያል፤ በገጠርም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራትና ስልክ ገብቷል።

በዚህ አገር ሁለት ዓይነት ሰዎችን በተለይ ማሰብ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ናቸው። ስንቃቸውን ከቤት ይዘው ይመጣሉ፤ ወላጆቻቸው በአጠገባቸው የሉም። ምሽታቸውን የሚያሳልፉት ወይ በጠባቧ ክፍላቸው፣ ወይ በአከራዩ ሳሎን፣ ወይ ፊልምና የእንግሊዝ እግር ኳስ በሚታይበት ቪዲዮ ቤት ነው። እናንተ አከራይ ከሆናችሁ የሳሎናችሁ ልማድ ለእነዚህ ልጆችም ይተርፋል።

ሁለተኛዎቹ በአካባቢው ያሉ ጥቂት የወንጌል አማኞች ናቸው። መንዝና አካባቢው ሕዝቡ በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ የሆነበት አገር ነው። ስለዚህ በቤተሰቡ ወይም በመንደሩ ብቻውን የሆነ አማኝ ሊኖር ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው የሳተላይቱ የስብከት ጣቢያ በሳምንቱ ውስጥ የሚሰማው ብቸኛ የኅብረት ድምፅ ሊሆን ይችላል። እርሱን በደፈናው «ቴሌቪዥን ዝጋ» ማለት አስተዋይነት አይደለም። መቀነስ ሲባል የሚጠቅመውን ከሚያባክነው መለየት ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ነገሩ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ ይጠቅማልን? ይገዛኛልን? ብለን እንድንጠይቅ ያስተምረናል (1ቆሮ. 6፥12)።

ከቤታችን ምን ይወስዳል?

ሁላችንም ሳናውቀው አንድ ሙከራ ሠርተን እናውቃለን። በ2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በማነሱ መብራት በፈረቃ በሆነበት ጊዜ፣ ወይም ከዚያ በፊትም በኋላም መብራት በጠፋባቸው ምሽቶች፣ ሻማ ተለኩሶ ቤተሰቡ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ ምን ሆነ? ልጆች የትምህርት ቤት ወሬ አወሩ፤ አያት የድሮ ነገር አነሡ፤ አንዱ መዝሙር ጀመረ፤ ሌላው ተቀበለ። መብራቱ «መጣ!» ተብሎ ሲጮኽ ወሬው በመሐል ተቋረጠ።

ይህንኑ ነገር በጥናት የመረመሩ ሰዎች አሉ። በካናዳ አገር በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር በሸለቆ ውስጥ በመሆኗ ምክንያት እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ድረስ የቴሌቪዥን ሞገድ ያልደረሳት አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። ታኒስ ማክቤዝ ዊልያምስ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ለከተማዋ «ኖቴል» የሚል የምሥጢር ስም ሰጥተው ቴሌቪዥን ከመግባቱ በፊትና ከገባ ከሁለት ዓመት በኋላ ሕዝቡን አጠኑ። አስቀድሞ ቴሌቪዥን ከነበራቸው ሁለት ከተሞች ጋርም አነጻጸሩ። ውጤቱ በ1986 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ታተመ። ቴሌቪዥን ከመግባቱ በፊት የኖቴል ልጆች አዲስ ሐሳብ በማፍለቅ ከሁለቱ ከተሞች ልጆች ይበልጡ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ብልጫ ጠፋ። በጨዋታ ቦታ መማታትና መሳደብ ጨመረ። ትልልቆቹም፣ በተለይ በዕድሜ የገፉት፣ በከተማዋ ስብሰባና ጨዋታ ላይ መገኘት ቀነሱ። ተራራና ሸለቆ በበዛበት በመርሐቤቴና በግሼ ለሚኖር ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ አይመስልም።

ሌላም አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. ዲሚትሪ ክሪስታኪስ የተባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ሕፃናት ባሉበት ቤት ቀኑን ሙሉ የሚነገረውን ቃል በመቅጃ መሣሪያ ቆጠሩ። የቴሌቪዥን ድምፅ በተሰማበት በእያንዳንዱ ሰዓት ሕፃኑ ከትልልቅ ሰዎች የሚሰማው ቃል በ770 ገደማ ይቀንስ ነበር። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎቻችን «እያየነው አይደለም፤ ዝም ብሎ ተከፍቶ ነው» እንላለን። ለሕፃኑ ግን ዝም ብሎ የተከፈተው ቴሌቪዥን የእናቱንና የአባቱን ቃል ይቀንስበታል። ልጅ ቋንቋን የሚማረው ዐይኑን አይተው ከሚያናግሩት ሰዎች ነው።

የዓለም የጤና ድርጅትም በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ጨርሶ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፉ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ መክሯል።

መጽሐፍ ቅዱስስ ምን ያስተምረናል? በዘዳግም 6፥7 ላይ ወላጅ የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆቹ እንዲያስተምር የታዘዘባቸው ጊዜያት ተዘርዝረዋል። በቤት ሲቀመጥ፣ በመንገድ ሲሄድ፣ ሲተኛ፣ ሲነሣ። እነዚህ ሰዓታት በአብዛኛው የቤት ውስጥ ተራ ሰዓታት ናቸው። ዛሬ ቴሌቪዥንና ስልክ የያዙብን እነዚህኑ ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የምንሄድበትን ሰዓት ማንም አልወሰደብንም፤ የተወሰደው የማክሰኞ ምሽት ነው።

መዝጋት ለምን ያቅተናል?

ብዙዎች ራሳቸውን «ቁርጥ ውሳኔ የለኝም» ብለው ይወቅሳሉ። ነገሩን ካላወቅነው ግን ወቀሳው ብቻውን አይረዳንም። ሦስት ምክንያቶችን እንመልከት።

አንደኛ፣ ዐይናችን የተፈጠረው ድንገተኛ እንቅስቃሴንና ድምፅን እንዲከተል ነው። እረኛ ቁጥቋጦው ሲንቀሳቀስ ወዲያው ዞር ይላል፤ ይህ ከአደጋ ያድነዋል። ቴሌቪዥን ሥዕሉን በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚለዋውጥ ይህንኑ የተፈጥሮ ስሜት ደጋግሞ ይጠራል።

ሁለተኛ፣ ተከታታይ ድራማ የሚቆረጠው ሆን ተብሎ በሚያጓጓው ቦታ ላይ ነው። በሩ ሲንኳኳ፣ ደብዳቤው ሲከፈት ያበቃል። ነገ ለመክፈት የምንወስነው ዛሬ ሳንዘጋ ነው። በስልክ ደግሞ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይጀምራል።

ሦስተኛ፣ ድካም ነው። ሮበርት ኩቤይና ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባሉ ምሁራን ሰዎች ቴሌቪዥን ሲያዩና ካዩ በኋላ ምን እንደሚሰማቸው ለዓመታት አጥንተው ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ ሰው ሲያይ ዘና ይላል፤ ሲዘጋው ግን ዘና ማለቱ ወዲያው ይጠፋና መዛሉ ይቀራል። ስለዚህ ያንን ስሜት ለማቆየት እንደ ተከፈተ ይተወዋል። ቀኑን ሲሠራ የዋለ ገበሬ፣ ነጋዴ ወይም መምህር፣ ቤት ውስጥ ስትደክም የዋለች እናትም ይህ ይገባቸዋል።

እንግዲህ ቁጣ ለሁለት ቀን ብቻ የሚሠራው ለዚህ ነው። ቁጣ ሶኬቱን ይነቅላል፤ የተተወውን ሰዓት ግን ባዶ ይተወዋል። ባዶ ሰዓት ደግሞ የለመደውን ይፈልጋል።

ከጓሳ ሣር የምንማረው

በመንዝ ጌራ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ የጓሳ ሣር ምድር አለ። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ የአገሩ ሰው ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር የሚያጭድበት፣ በድርቅ ጊዜ ከብቱን የሚያሰማራበት ቦታ ነው። ሕዝቡ ይህን ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቀው «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ነበር። በማኅበረሰቡ የተመረጡ አለቆች ምድሩ እንዲዘጋ ይወስናሉ፤ ብዙ ጊዜም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማንም አያጭድበትም፣ ማንም አያሰማራበትም። ሣሩ ካገገመ በኋላ ቀኑ ተቆርጦ ይከፈታል፤ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል፤ ከዚያም መልሶ ይዘጋል። ደንቡን ባላከበረ ላይ ከባድ ቅጣት ነበረ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ይዞታ አዋጅ ሲወጣ የቀድሞው ሥርዓት ፈረሰ፤ ምድሩም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ መጠበቁን ቀጠለ፤ ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ ሆኖ በአገር ውስጥም በውጭም ይታወቃል።

ከዚህ ሥርዓት አራት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ማንም ሣሩን ጠላት ነው አላለም። ሁለተኛ፣ መዝጋቱም መክፈቱም የታወቀ ቀን ነበረው። ሦስተኛ፣ ደንቡ ለሁሉም ነበር፤ አለቃውም ከብቱን አያስገባም። አራተኛ፣ የሚዘጋው እንዲያገግም ለሚፈለግ ነገር ሲባል ነው። በቤታችን የሚያገግመው ሣር የቤተሰቡ ወሬ፣ ጸሎትና ጥናት ነው። «ከእንግዲህ ቴሌቪዥን የለም» የሚለው አዋጅ የሚፈርሰው ከእነዚህ ከአራቱ አንዱም ስለሌለው ነው።

እንዴት እንጀምር?

በ1999 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዶክተር ቶማስ ሮቢንሰን በካሊፎርኒያ በሳን ሆዜ ከተማ በሁለት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያደረጉትን ሙከራ ውጤት አወጡ። በአንደኛው ትምህርት ቤት ልጆቹ ስለ ቴሌቪዥን አጠቃቀም ተማሩ፤ ከዚያ ለ10 ቀን ቴሌቪዥን፣ ቪዲዮና የቪዲዮ ጨዋታ ዘጉ፤ በኋላም በሳምንት 7 ሰዓት ብቻ እንዲያዩ ተመደበላቸው። ከሌላው ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ ያለ መጠን መወፈራቸው ቀነሰ፤ ቀጥሎ በወጣው ውጤትም ጠበኝነታቸው ቀንሶ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ይህም የጓሳን መንገድ ይመስላል። መጀመሪያ ለታወቀ ጊዜ መዝጋት፣ ቀጥሎ በልክ መክፈት። ይህን ወደ ቤታችን ስናመጣው እንደሚከተለው ማድረግ እንችላለን።

1ኛ. መዝግቡ። ምንም ሳትቀንሱ ለአንድ ሳምንት ደብተር ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አኑሩ። ማን ከፈተው? ምን ለማየት? በስንት ሰዓት ተዘጋ? ብላችሁ ጻፉ። በቀን 4 ሰዓት የሚከፈት ከሆነ በሳምንት 28፣ በዓመት 1,460 ሰዓት ይሆናል። ይህ ሌሊቱም ተቆጥሮ 60 ሙሉ ቀን ነው። ብዙ ጊዜ ከስብከት ይልቅ ይህ ቁጥር ቤተሰብን ያስደነግጣል።

2ኛ. ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስቡ። አያትም፣ ልጆችም፣ የቤት ሠራተኛዋም ይገኙ። ወላጆች ከቤት ሲወጡ ከልጆቹ ጋር የምትውለው እርሷ ስለሆነች ያለ እርሷ የተወሰነው ውሳኔ አይጸናም። ልጆች ሐሳባቸውን ይስጡ፤ የሚወዱትን አንድ ዝግጅት ይምረጡ። የተማከሩበትን ደንብ መጠበቅ ከተጫነባቸው ይቀላል።

3ኛ. ሰዓቱን የሚሞላውን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ይህ ዋናው ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት የ10 ምሽቶችን እቅድ አውጡ። አንድ ምሽት አያት የልጅነታቸውን ይተርኩ፤ ልጆቹ አባቶቻቸውን እስከ ሰባት ቤት ይቁጠሩ። አንድ ምሽት እንቆቅልሽና ገበጣ ይሁን። አንድ ምሽት ጎረቤት ወይም የታመመ ሰው ይጠየቅ። አንድ ምሽት ከወንጌላት አንድ ምዕራፍ ተራ በተራ ይነበብ፤ ትንሹ ልጅ ታሪኩን መልሶ ይንገር። የቤት ሥራ በጠረጴዛው ላይ ሁሉም ባለበት ይሠራ። የእጅ ሥራ የምትችል እናት ለሴት ልጇም ለወንድ ልጇም መፍተልን ታሳይ።

4ኛ. ለ10 ቀን ዝጉ። የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፉ። ቴሌቪዥኑን በዳንቴሉ ሸፍኑት፤ ሪሞቱን አንሡት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ከባድ ናቸው፤ ልጆች ይነጫነጫሉ፤ ትልልቆችም ሰበብ ይፈልጋሉ። ይህ የመውደቅ ምልክት ስላልሆነ አትደንግጡ።

5ኛ. በልክ ክፈቱ። ከ10 ቀን በኋላ የሳምንቱን ሰዓት ተመካክራችሁ ወስኑ፤ በሳምንት 7 ሰዓት ጥሩ መነሻ ነው። የሚታየው ዝግጅት አስቀድሞ ይመረጥ፤ ሲያልቅ ይዘጋ። በማዕድ ሰዓት፣ በጸሎት ሰዓትና እንግዳ ባለበት አይከፈት። መኝታ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን አታኑሩ። ከተቻለም ወንበሮቹን ዞር አድርጉና ፊት ለፊት ተያዩ።

6ኛ. ወላጆች ቅደሙ። አባት ልጆቹን «በቃ አጥኑ» ብሎ እርሱ እስከ እኩለ ሌሊት ኳስ ካየ፣ እናት ድራማዋን ካልተወች፣ ደንቡ የልጆች ቅጣት ይሆናል። ንጉሥ ዳዊት በቤቱ ውስጥ በዐይኑ ፊት ስለሚያኖረው ነገር የወሰነው አስቀድሞ ስለ ራሱ ነበር (መዝ. 101፥2-3)። ስልክም በዚህ ይጠቃለላል። ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ አራት ሰው በአራት ስልክ ላይ ካቀረቀረ ምንም አልቀነስንም። በር አጠገብ አንድ ሌማት ወይም ቅርጫት ተቀምጦ በእራት ሰዓት የሁሉም ስልክ እዚያ ይግባ።

አንዳንድ ጥያቄዎች

«እኛ የምናየው መንፈሳዊ ጣቢያ ነው፤ እርሱም ይቀነስ?» መልካም ስብከት መስማት ይጠቅማል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የተከፈተ መንፈሳዊ ጣቢያም የእናትን ቃል ለሕፃኑ አይተካም፤ ሰባኪው በስክሪን ሲጸልይ ማየትም አባት ልጁ ራስ ላይ እጁን ጭኖ ከመጸለይ ጋር እኩል አይደለም። ብቻውን ያለ አማኝ የሚወደውን ትምህርት ሰዓቱን መርጦ ይስማ፤ ከሰማ በኋላ ዘግቶ የሰማውን ይጸልይበት፤ ወይም በስልክ ለሌላ ወገን ደውሎ ይካፈል።

«ባለቤቴ ወይም ቤተሰቤ በዚህ አይስማሙም።» በአንድ ቤት ሁሉም አንድ ዓይነት እምነት ወይም አሳብ ላይኖረው ይችላል። በቁጣና በስብከት አትጀምሩ። የራሳችሁን ሰዓት ቀንሱ፤ የተረፈውንም ሰዓት ለእነርሱ ስጡ። ቡና አፍልታ አጠገቡ የተቀመጠች ሚስት፣ ሪሞቱን አስቀምጦ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ያለ ባል፣ ከብዙ ክርክር የበለጠ ይሰማሉ። መዝጋት ወይም መቀነስ ለልጆች ጥናትና ለቤት ሰላም እንደሚጠቅም ደግሞ የየትኛውም እምነት ወላጅ ይረዳል።

«አያታችን ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው፤ ቴሌቪዥኑ ጓደኛቸው ነው።» ከአረጋዊና ከታመመ ሰው ያለ ምትክ አትውሰዱ። እርሳቸው የሚፈልጉት ድምፅና ሰው ነው። ልጆች በተራ አጠገባቸው ይቀመጡ፤ ያነብቡላቸው፤ ይጠይቋቸው። ሰው ሲያገኙ ሪሞቱን ራሳቸው ያስቀምጡታል።

«እኛ ብንዘጋ ልጁ ጎረቤት ወይም ቪዲዮ ቤት ይሄዳል።» ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቤታችሁን ልጁ ጓደኞቹን ይዞ የሚመጣበት ቤት አድርጉት። ቆሎና ሻይ አቅርቡ። በከተማ ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች በሳምንት አንድ ምሽት ጥሩ፤ አብረው ያጥኑ፣ አብረው ይብሉ። ለእነርሱ የቪዲዮ ቤቱ መሳቢያ ብዙ ጊዜ ፊልሙ ብቻ ሳይሆን የሰው መኖርም ነው።

ሳሎን ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ጊዜ

በመጨረሻ አንድ ነገር እናስታውስ። በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿንም አሰረ። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም በዚያ ዘመን ተመሳሳይ መከራ አይተዋል። አማኞቹ ታዲያ የት ሄዱ? ወደ ሳሎን ሄዱ። አምስት ስድስት ሆነው በየቤቱ ተሰበሰቡ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ፤ በእጅ የተገለበጠ ትምህርት ተካፈሉ፤ ልጆቻቸውን አስተማሩ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ያቺ ቤተ ክርስቲያን በአባላት ቁጥር ከተዘጋችበት ጊዜ ብዙ እጥፍ ሆና ወጣች።

እነዚያ ወላጆች የነበራቸው ሳሎን ከእኛ የጠበበ ነበር፤ ወንበሮቹ ግን እርስ በርስ ይተያዩ ነበር። ዛሬ ሳሎናችንን የሚዘጋብን መንግሥት የለም። ዘመኑን እንድንዋጅ የተነገረን ቃል (ኤፌ. 5፥16) የሚጀምረው ምናልባት ነገ ምሽት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ያ ጊዜ የቤተሰባችሁ ነው፤ ቀን ቆርጣችሁ አስመልሱት።

ለቤተሰብ ውይይት

1. ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥናችን በአጠቃላይ ስንት ሰዓት ተከፍቶ ነበር? ከዚያ ውስጥ መርጠን ያየነው ስንቱን ነው?
2. መብራት በጠፋ ምሽት በቤታችን የምንወደው ነገር ምንድን ነው? መብራት እያለስ እንዴት እናገኘዋለን?
3. 10ሩ ቀናት መቼ ይጀምሩ? የመጀመሪያውን ምሽት የሚመራው ማን ነው?

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።